የእግር ጥፍር ፈንገስ አልለቅ ሲል ምን ይደረጋል?

ሁለት ወር ቅባት ቀብቶ «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም፣ ግን ሁለት ወር በጣም ትንሽ ጊዜ ነው። የእግር አውራ ጣት ጥፍር በወር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው። ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱ ደግሞ የተበላሸውን ጥፍር አያድንም። ፈንገሱን ያጠፋል፣ ከዚያ ከሥር የሚመጣው አዲሱ ጥፍር ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ቢጫው፣ የወፈረውና የሚፈረፈረው ክፍል የሚወገደው ወደ ፊት እያደገ ሲሄድና ሲቆረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፉን ትታችሁ ሥሩን፣ ማለትም ጥፍሩ ከቆዳው የሚወጣበትን ቦታ ተከታተሉ።

ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ሕክምናውን ስትጀምሩ ጤነኛውና የታመመው ክፍል የሚገናኙበት ቦታ ላይ በጥፍር ሞረድ አግድም ስስ ጭረት አድርጉ። ላይ ላዩን ብቻ፣ ቆዳ ሳትነኩ። ጭረቱ ከጥፍሩ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ከጭረቱ ወደ ሥሩ በኩል ያለው ንጹህ ሆኖ ከቀጠለ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ቢጫው ጭረቱን አልፎ ወደ ሥሩ ከተጠጋ ግን እየሠራ አይደለም፣ ዝም ብሎ መጠበቅም አያስፈልግም። በወር አንዴ ፎቶ አንሱት፣ በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጡን አይለየውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በእርግጥ ፈንገስ ነው ወይ? መልኩ ከተበላሸ ጥፍር ግማሽ ያህሉ ፈንገስ የለበትም። ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ቁርጥ ፈንገስ ይመስላል። ጣት የሚጨብጥ ጫማና በሩጫ ብዛት የሚደርስ ምትም ጥፍር ያወፍራሉ፣ ያነሳሉ። ለወራት ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት ምርመራ ጠይቁ። ናሙናው ከጫፉ ብቻ ከተቆረጠ ፈንገሱ ሊያመልጥ ይችላል፤ ጥሩው ናሙና ከጥፍሩ በታች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው ፍርፋሪ ነው። ቀድሞ የጀመራችሁት የፈንገስ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ውጤቱን ያሳስታል። አንድ ጊዜ «የለም» መባሉም መጨረሻ አይደለም፣ ምርመራው መደገም ሊኖርበት ይችላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጥፍር ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ በተለይ አንድ ጣት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ፈንገስ ነው ብላችሁ አትለፉት። የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ ምርጫው በስፋቱ ይወሰናል። አንድ ሁለት ጥፍር ላይ ሆኖ፣ ሥሩ ንጹህ ከሆነና ጫፉ ብቻ ከተነካ የሚቀባውን መድኃኒት መሞከር ይቻላል። ተራ የቆዳ ቅባት ግን ጥፍርን ሰርስሮ አይገባም። ለጥፍር ተብለው የተሠሩት ሳይክሎፒሮክስ 8 በመቶ እና አሞሮልፊን 5 በመቶ አሉ። የመጀመሪያው በየቀኑ እስከ 48 ሳምንት ይቀባል፣ በሳምንት አንዴ በአልኮል ይጠረጋል። ሁለተኛው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የወፈረ ጥፍር ላይ የተቀባ መድኃኒት ላዩ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ማሳሳቱ የሕክምናው ግማሽ ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ ላዩን ሞርዱት። 40 በመቶ ዩሪያ ያለው ቅባትም ዙሪያውን ቆዳ በቫዝሊን ሸፍናችሁ ማታ ጥፍሩ ላይ ብቻ ብትቀቡትና በፕላስተር ብታሽጉት ያለሰልሰዋል። የታመመውን የሞረዳችሁበትን ሞረድ ጤነኛው ጥፍር ላይ እንዳታስነኩት። ስኳር ያለባችሁ ወይም እግራችሁ የሚደነዝዝ ሰዎች ይህን ራሳችሁ አትሞክሩ፣ ትንሽ ቁስል ወደ ከባድ ኢንፌክሽን ይሄዳል፤ ለባለሙያ ስጡት።

ሥሩ ድረስ ከደረሰ ወይም ብዙ ጥፍር ከያዘ እውነተኛው መፍትሔ ኪኒን ነው ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ተርቢናፊን ነው፣ ለአዋቂ በቀን 250 ሚሊ ግራም ለ12 ሳምንት። በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ከመጀመር በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል፣ የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ ይነገራል። ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም የምግብ ጣዕም ከጠፋ ኪኒኑን አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም አማክሩ። ነፍሰ ጡሮች ብዙውን ጊዜ እስኪወልዱ እንዲጠብቁ ነው የሚመከረው። 12 ሳምንቱ ሲያልቅ ጥፍሩ ገና ግማሹ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ ጥፍሩ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ተርቢናፊን ለማይስማማው ኢትራኮናዞል አለ፣ ግን የልብ ድካም ላለበት አይሰጥም፣ ከአንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋርም አይሄድም። ኬቶኮናዞል በኪኒን ለጥፍር ከታዘዘላችሁ ግን ጠይቁ። ጉበት ስለሚጎዳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ በድጋሚ አስጠንቅቋል።

በረኪና እግር ላይ አታፍስሱ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ኮምጣጤና ነጭ ሽንኩርትም ሥር የሰደደ የጥፍር ፈንገስ እንደሚያድኑ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፣ ጊዜ ነው የሚበሉት።

ድኖ የሚመለስበት ዋና ምክንያት ቆዳው ነው። በጣቶች መሃል የሚልጠውና የሚያሳክከው ያው ፈንገስ ነው፣ እሱን በተርቢናፊን ወይም በክሎትሪማዞል ቅባት አብራችሁ ካላከማችሁት ጥፍሩን መልሶ ይይዘዋል። እግር ስትታጠቡ ጣት ለጣት አድርቁ። ካልሲ በየቀኑ ቀይሩ፣ ጨርቁ ከቻለ በ60 ዲግሪ እጠቡት። አንድ ጫማ ሁለት ቀን አከታትላችሁ አታድርጉ፣ ውስጡ ሳይደርቅ እግር ማስገባት ለፈንገሱ ቤት መሥራት ነው። ፎጣና ጥፍር መቁረጫ ለየብቻ ይሁን። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው ካለ እሱም አብሮ ይታከም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልለቀቀ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ምርመራውን አስደግሙ። ምናልባት የፈንገሱ ዓይነት ሌላ ነው፣ ወይም መድኃኒቱን ተላምዷል። ጥፍሩ ውስጥ ወደ ሥሩ የሚዘልቅ ወፍራም ቢጫ መስመር ካለ ደግሞ እዚያ ውስጥ ፈንገሱ ተጠቅጥቆ ስለሚቀመጥ ኪኒኑም ቅባቱም በደንብ አይደርሱበትም። ያን ክፍል ሐኪሙ ቆርጦ ወይም ሞርዶ ከከፈተው በኋላ ነው መድኃኒቱ የሚገባው፣ መስመሩን ራሳችሁ አሳዩትና እንዲከፍተው ጠይቁት።