የስልክን ትክክለኛ ሞዴል መለየት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «አባውት ፎን» የሚለውን ገጽ መክፈት ለሚችልና *#06# ደውሎ አይኤምኢአይ (የስልኩን ልዩ መለያ) ቁጥር ማየትን ለሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሁለቱንም አድርገዋል። ሆኖም የገዙት ስክሪን አልገጥም ብሏል፣ ያወረዱት ሶፍትዌር አልጫን ብሏል፣ ወይም በሁለት ቦታ የተጻፈው ሞዴል አልስማማ ብሏቸዋል።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮች ይለዩ። «ጋላክሲ ኤ32» የገበያ ስም ሲሆን «ኤስኤም-ኤ325ኤፍ» ደግሞ የሞዴል ቁጥር ነው። አምራቹ የሚያስተዋውቀው በመጀመሪያው ነው፤ መለዋወጫ የሚታዘዘውና ሶፍትዌር የሚመረጠው ግን በሁለተኛው ነው። ሌሎቹም የየራሳቸው አጻጻፍ አላቸው፤ ኢንፊኒክስ ኤክስ በሚለው ፊደል ጀምሮ በቁጥር ይቀጥላል፣ ኖኪያ ቲኤ ብሎ አራት አሃዝ ያስከትላል፣ ሁዋዌ ደግሞ በሦስት ፊደልና በሰረዝ ይጀምራል።

ምልክት፦ በስልኩ ስም የተገዛው ስክሪን አይገጥምም፣ ወይም ገጥሞ አይበራም

በየሳምንቱ የማየው ችግር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መንስኤው አንድ የገበያ ስም ለሁለትና ለሦስት የተለያዩ ስልኮች መሰጠቱ ነው። ጋላክሲ ኤ32ን እንመልከት። ኤስኤም-ኤ325ኤፍ የ4ጂ ስልክ ሲሆን 6.4 ኢንች አሞሌድ ስክሪን አለው። ኤስኤም-ኤ326ቢ ደግሞ የ5ጂ ስልክ ሲሆን 6.5 ኢንች ኤልሲዲ ስክሪን ተገጥሞለታል። ሁለቱም «ኤ32» ይባላሉ፣ የጀርባ ካሜራዎቻቸው አደራደርም ስለሚመሳሰል ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸው ሲቀመጡ ብዙ ሰው አይለያቸውም። የስክሪኑ መጠን፣ ቴክኖሎጂውና መሰኪያው ግን የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ለሌላው በምንም ዓይነት አይሆንም።

አንዲት ደንበኛ ለአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ ስክሪን ገዝታ መጥታለች። የመጀመሪያው ሻጭ «የኤ32 ነው» ብሎ የ4ጂውን ሰጣት፤ አልገጥም ሲላት ዕቃው የተበላሸ መስሏት ከሌላ ሻጭ ያንኑ የ4ጂ ስክሪን ደግማ ገዛች። ሁለቱም ሻጮች ሞዴል ቁጥሩን አልጠየቋትም። ስልኩን ተቀብዬ ገና ሳልከፍተው የማብሪያ ቁልፉን በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ጠፍጣፋና ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ የጣት አሻራ ማንበቢያው እዚያው ቁልፉ ላይ ነው ማለት ነው። በ4ጂው ኤ32 ላይ አሻራው የሚነበበው ከመስታወቱ ሥር ነው። ስለዚህ የእሷ የ5ጂው ነበር፤ ይህን ለማወቅ የፈጀው አምስት ሰከንድ ሲሆን ሁለት ስክሪን ከመግዛት ሊያድናት ይችል ነበር። የፊት ካሜራው ያለበት ጎድጎድም ይለያቸዋል፤ የ4ጂው ክብ ሲሆን የ5ጂው ሹል ነው።

ሁለተኛው የዘወትር ራስ ምታት «ጄ7» ነው። የ2015ቱ ኤስኤም-ጄ700፣ የ2016ቱ ኤስኤም-ጄ710 እና የ2017ቱ ኤስኤም-ጄ730 ሁሉም 5.5 ኢንች ናቸው፣ ሁሉም ጄ7 ይባላሉ፤ ጄ7 ፕራይም የሚባለው ደግሞ ጭራሽ በጄ አይጀምርም፣ ሞዴሉ ኤስኤም-ጂ610 ነው። «5.5 ኢንች ጄ7» ብሎ ማዘዝ ምንም እንዳልተናገሩ ይቆጠራል። በሬድሚ በኩል የ2019ኙ ሬድሚ ኖት 8 ፕሮሰሰሩ (ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ቺፕ) ስናፕድራጎን 665 ሲሆን «ሬድሚ ኖት 8 2021» የሚባለው ሄሊዮ ጂ85 ነው፤ የአንዱን ሶፍትዌር በሌላው ላይ ለመጫን የሚሞክር ሰው ስልኩን ሊገድለው ይችላል። ሬድሚ ኖት 4ም እንደዚሁ በሚዲያቴክና በስናፕድራጎን ወጥቷል፣ ስክሪኖቻቸውም አይለዋወጡም።

መፍትሄው የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ መጻፍ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል «ምን ዋጋ አላት» ብለው የሚተዉ ሰዎች ብዙ ሥራ አበላሽተውብኛል። ጋላክሲ ኤስ8ን ብንወስድ ኤስኤም-ጂ950ኤፍ ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር ያለው ዓለም አቀፍ ሞዴል ሲሆን፣ ኤስኤም-ጂ950ዩ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራና ስናፕድራጎን ያለው ነው፤ ኤስኤም-ጂ950ኤን የኮሪያ ነው፤ ኤስኤም-ጂ9500 ደግሞ የቻይና ሲሆን እሱም ስናፕድራጎን ነው። ስክሪኑን በተመለከተ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ ቦርድ (የስልኩ ዋና ሰርኪት)፣ የቻርጅ ቦርድ ወይም ሶፍትዌር ሲፈለግ ግን ሁሉ ነገር የሚወሰነው በዚያች ፊደል ነው። ከቁጥሩ ኋላ ከስላሽ (/) ቀጥላ የምትመጣው «ዲኤስ» ሁለት ሲም እንደሚቀበል ብቻ የምትገልጽ ናት፤ ለስክሪን አትጠቅምም፣ ለሲም ማስገቢያው ግን ትጠቅማለች።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲሱን ስክሪን ሳያጣብቁ፣ መከላከያ ላስቲኩንም ሳይልጡ መጀመሪያ ሰክተው ያብሩት። የአሮጌው ስክሪን ሪባን (ስክሪኑን ከቦርዱ የሚያገናኘው ስስ ገመድ) ላይ የታተመውን ኮድ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ። ላስቲኩ የተላጠ ወይም ሙጫ የነካው ስክሪን የሚመልስ ሻጭ የለም፣ እሱም አይፈረድበትም። ሪባኑ አልደርስ ሲል አይሳቡት። መሰኪያው በጣት ተጭኖ የማይገባ ከሆነ የሌላ ስልክ ዕቃ ነውና በኃይል አይጫኑት፤ የተሰበረ የቦርድ መሰኪያ መቀየር ከስክሪኑ ሥራ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ምልክት፦ ጀርባው ላይ የተጻፈው ሞዴልና ሴቲንግ ውስጥ ያለው አይመሳሰሉም

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የጀርባ ክዳኑ መቀየሩ ነው። ክዳን ሲቀየር የሚታየው ቀለሙና መጠኑ ብቻ ስለሆነ፣ በላዩ የታተመው ሞዴል ቁጥር የሌላ ስልክ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ እኔም ተጎድቻለሁ። ጀርባው ላይ ኤስኤም-ጂ950ኤፍ የሚል አንድ ኤስ8 ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ከአምራቹ ምልክት ሳያልፍ መጣልኝ። የጀርባውን ጽሑፍ አምኜ የኤፍ ሶፍትዌር አውርጄ በኦዲን (የሳምሰንግ ሶፍትዌር በሚጫንበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ስጭነው ደጋግሞ ውድቅ አደረገው። ገመድ ቀየርኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ፣ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ አወረድኩት፤ ግማሽ ቀን ከሄደ በኋላ ዳውንሎድ ሞዱ (ስልኩ ሶፍትዌር ለመቀበል የሚከፍተው ገጽ) ላይ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን የምርት ስም ሳነበው ጂ950ዩ ይላል። ባለቤቱን ስጠይቀው የጀርባ መስታወቱ ከአንድ ዓመት በፊት ተሰብሮ እንዳስቀየረው ነገረኝ። ክዳኑን የገጠመው ባለሙያ ሞዴሉ እንደማይመሳሰል ቢነግረው ወይም የታተመውን ቁጥር ቢሸፍነው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

መፍትሄው እያንዳንዱ ጽሑፍ ስለ የትኛው የስልኩ ክፍል እንደሚናገር ማወቅ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ክዳኑ ብቻ ይናገራል። ሴቲንግ ውስጥ ያለው ሞዴል ከተጫነው ሶፍትዌር የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ ሶፍትዌሩ ከተቀየረ ወይም ከተነካካ ሌላ ነገር ሊል ይችላል። አይኤምኢአይ ግን ከቦርዱ ጋር የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ከ15ቱ አሃዞች የመጀመሪያዎቹ 8 የስልኩን ዓይነት የሚያመለክቱ ሲሆኑ የመጨረሻዋ የማረጋገጫ አሃዝ ናት። ስለዚህ ጀርባው ወይም ካርቶኑ ላይ ያለውን አይኤምኢአይ *#06# ከሚያሳየው ጋር ያስተያዩ። ከተለያዩ የጀርባውንና የካርቶኑን ጽሑፍ በሙሉ ይተዉትና በ8ቱ አሃዞች የሞዴል መፈለጊያ ላይ ይመልከቱ። ሳምሰንግ ከሆነ *#1234# ይደውሉ፤ ኤፒ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው የሶፍትዌር ስም በሞዴሉ ስለሚጀምር፣ ኤ325ኤፍ ብሎ ከጀመረ የተጫነው የዚያ ስልክ ሶፍትዌር ነው። እዚያው ላይ ከመጨረሻ ወደ ኋላ ሲቆጠር አምስተኛው ቦታ ያለው ምልክት የቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ ሶፍትዌሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ደረጃ ያመለክታል፤ ሞዴሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ከዚያ ያነሰ ደረጃ ያለውን ሶፍትዌር ስልኩ አይቀበልም።

ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ሁለት አይኤምኢአይ ስላለው፣ ካርቶኑን ከሁለተኛው ጋር አስተያይተው «አይመሳሰልም» ብለው የሚደነግጡ አሉ፤ የመጀመሪያውን ይመልከቱ።

አይኤምኢአዩን ፎቶ አንስተው ማንም በሚያየው ቦታ አይለጥፉት። ለሞዴል ፍለጋ 8ቱ አሃዞች ይበቃሉ፤ የቀሩትን ለማንም መስጠት አያስፈልግም።

ምልክት፦ *#06# ሲደወል 004999010640000 ይመጣል

ይህ የስልክዎ ቁጥር አይደለም፤ ሳምሰንግ ስልኮች አይኤምኢአይ የሚቀመጥበት የማህደረ ትውስታ ክፍል ሲበላሽ የሚያሳዩት የወል ቁጥር ስለሆነ ሞዴል አይፈልጉበት።

ምልክት፦ ሞዴሉ ሁሉ ቦታ ይስማማል፣ ስልኩ ግን ስሙን አይመስልም

መንስኤው ስልኩ አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ነው። ሴቲንግ ላይ የሚታየው ሞዴል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ አስመሳዮቹ የፈለጉትን ይጽፉበታል። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን መተግበሪያ ጭነው ፕሮሰሰሩን ይመልከቱ፤ ኤስ8 ነኝ እያለ ሚዲያቴክ የሚያሳይ ከሆነ ሐሰተኛ ነው፣ ምክንያቱም ኤስ8 የወጣው በኤክሲኖስ 8895 ወይም በስናፕድራጎን 835 ብቻ ነው። መተግበሪያውን እንኳ የሚያታልሉ ስላሉ ጥርጣሬው ካልወጣልዎ ተከፍቶ ቦርዱ መታየት አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ የእውነተኛውን ስክሪን አይግዙ፤ አይገጥምም። አሳዛኙ ነገር ባለቤቱ የተታለለ መሆኑን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ለጥገና ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ይፈትሽ።

አይፎንን በተመለከተ

ሴቲንግ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ውስጥ «ሞዴል ነምበር» በሚለው ላይ መጀመሪያ የሚታየው የምርቱ መለያ ቁጥር (ፓርት ነምበር) ነው፤ አንድ ጊዜ ሲነኩት ኤ ብሎ አራት አሃዝ ያለው ትክክለኛው የሞዴል ቁጥር ይመጣል። ብዙ ሰው ሳይነካው ይወጣል። ያ የመጀመሪያው ቁጥርም ከንቱ አይደለም፤ በኤም የሚጀምር አዲስ ሆኖ የተሸጠ፣ በኤፍ የሚጀምር ታድሶ የተሸጠ፣ በኤን የሚጀምር ደግሞ በምትክ የተሰጠ ነው። አይፎን 7ና ከዚያ በፊት ያሉት በኤ የሚጀምረውን ቁጥር ጀርባቸው ላይ ይዘዋል፤ ከ8 ጀምሮ ሲም ማስገቢያ ያላቸው ግን ሲሙ ወጥቶ በማስገቢያው ጉድጓድ ውስጥ በደንብ ብርሃን ሲበራ ይነበባል። ቦርድ ለመለዋወጥ ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው፤ የአይፎን 7 ኤ1660 የኳልኮም ሞደም (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኝ ቺፕ) ሲኖረው ኤ1778 የኢንቴል ነው።

ምልክት፦ ስልኩ አይበራም፣ ካርቶኑም የለም

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ባትሪውን አውጥቶ በላዩ ያለውን ጽሑፍ እንደ ሞዴል በመውሰዱ ነው። በሳምሰንግ ባትሪ ላይ ኢቢ ብሎ የሚጀምረው የባትሪው የራሱ ቁጥር ነው፤ ኢቢ-ቢኤ505ኤቢዩ የሚለው ባትሪ ለኤ20ም፣ ለኤ30ም፣ ለኤ50ም ይገባል። ከዚህ ይልቅ ባለቤቱ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የጉግል አካውንቱን ከፍቶ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ይመልከት፤ አይፎን ከሆነ የአፕል አካውንቱ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይነግረዋል። የአንድሮይድ ስልክ ከሆነ የጉግል የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አይኤምኢአዩንም ያሳያል። አካውንቱም ካልተገኘ ስልኩ ይከፈትና ቦርዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ይነበብ፤ በብዙ ቦርዶች ላይ ሞዴሉ ከስሪቱ ጋር ተጽፏል። የብረት መሸፈኛውን ግን ለማንበብ ብቻ ብለው አይንቀሉት፤ በሙቀት የሚነቀል መሸፈኛ ከሥሩ ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሞዴሉ ታውቆ ስልኩ ይሞታል። ክዳኑ በተከፈተበት አጋጣሚ የቦርዱን፣ የቻርጅ ቦርዱንና የስክሪን ሪባኑን ጽሑፍ ሦስቱንም ፎቶ ያንሱና ለሻጩ ይላኩለት።