ከአስፓልት ወርዶ ተራራ ላይ መሮጥ፦ ለድሬና ለሐረር ሯጮች

ጠዋት ጠዋት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የሚሮጥ ቡድን ካላችሁ፣ አንድ ቀን አንዱ ተነስቶ «አቦ፣ አስፓልቱ ሰለቸን፤ ተራራ እንውጣ!» ማለቱ አይቀርም። እኛም የጀመርነው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያ ቀን መሳቂያ ሆነን ተመለስን። እናንተ እንዳትሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የለመድነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትር መቁጠር ተዉ። አስፓልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው፣ ድንጋያማ ዳገት ላይ እጥፍ ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ 10 ኪሎ ሜትር» ሳይሆን «ዛሬ አንድ ሰዓት» በሉ። ለመጀመሪያው ወር በሳምንት አንዴ ይበቃል። ቁርጭምጭሚት ድንጋይ የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው።

ጫማ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ሶሉ ጥርስ ያለው ፈልጉ። ከልካችሁ ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ወደፊት እየገጨ ጥፍር ያጠቁራል።

ለድሬ ሰው ቅርቡ መለማመጃ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው። ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ ሲሮጡበት ግን እግር እየያዘ ባት ያቃጥላል። መጀመሪያ ላይ 20 ደቂቃ በቂ ነው። እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም፦ በዝናብ ወቅት ወደ ወንዙ አትውረዱ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የፈጀው። በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ሌላ ቦታ ሩጡ።

ዳገት ሲያምራችሁ ወደ ሐረር ውጡ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ትንፋሽ ግን ያጥራል። ከድሬ በ12 ሰዓት መነሳት የለመደ ሰው ሐረር ላይ በደንብ እስኪነጋ ይታገስ። ጅቦቹ ገና ወደየጉድጓዳቸው እየገቡ ነው፤ ባይተዋወቁ ይሻላል።

የሐረሩን ተራራ ሐኪም ጋራን መጀመሪያ የወጣን ቀን፣ ፈጣኑ ልጃችን ገና ከታች ተፈተለከ። ግማሽ ላይ ስንደርስበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ እናት ቀስ እያሉ አልፈውት ሄዱ። ዞር ብለውም አላዩትም። የዳገት ትምህርት ከእሳቸው ነው የተማርነው፦ እርምጃ አጭር፣ አካሄድ አንድ ዓይነት። ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ካቃታችሁ፣ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ተራመዱ። ነውር የለውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ አትለጠጡ፤ ያንሸራትታል። አሁንም እርምጃ አጭር፣ ዓይን ሁለት ሦስት ሜትር ፊት።

ውሃ በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያዙ፤ ቆላው ላይ ከዚያም በላይ። ለጉልበት ተምር ወይም በማር የታሸ በሶ። በሶው ተጠቅልሎ ኪስ ይገባል፣ ሙቀትም አያበላሸውም። እኔ በበኩሌ ከውጭ ከሚመጣው ጣፋጭ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ከለመዳችሁ በኋላ የራሳችሁን ትንሽ ውድድር አዘጋጁ። ከባዱ ሥራ መንገድ ምልክት ማድረግ ነው። እኛ ቀይ ፌስታል ቀዳደን ቁጥቋጦ ላይ አሰርን። በማግስቱ ምልክታችን በፍየል ሆድ ውስጥ ነበር! ግማሹ ሯጭ ወደ አንዱ ቀበሌ፣ ግማሹ ወደ ሌላው። አሁን ኖራ ነው የምንጠቀመው። መገንጠያው ላይ አንድ መስመር፣ ከመገንጠያው 20 እርምጃ አለፍ ብሎ ሌላ አንድ። ሁለተኛውን ያላየ ሯጭ እንደተሳሳተ አውቆ ይመለሳል። ኖራውንም በዋዜማው ሳይሆን በዚያው ጠዋት በትኑት።

መንገዱ በጫት ወይም በማሽላ ማሳ ዳር የሚያልፍ ከሆነ ቀድማችሁ ባለቤቱን አነጋግሩ። «አካም ቡልተን» ብሎ የሰላምታ ቃል የጣለ ሰው አቋራጭ መንገድ ሁሉ ይነገረዋል። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንድ የጭራ ሰው መድቡ። እሱ ሳይደርስ ማንም ወደ ቤት አይሄድም።

ሲያልቅ ጫማ አውልቁና ሶሉንም እግራችሁንም ፈትሹ። የግራር እሾህ ሶል በስቶ ይገባል፤ ሲገባም ሁልጊዜ አይሰማም። በቡድናችን መጀመሪያ በመዋጮ የተገዛው ዕቃ ወረንጦ ነው። አሁንም ቁርሳችን ፈጢራው እስኪመጣ እየጠበቅን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።