የወረቀት ሞዴል ቆዳው ዞሮ አልገጥም ሲል

ከተር መያዝና ኮላ በስቴኪኒ መቀባት የምታውቁ ናችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። የወረቀት አውሮፕላን ሞዴል ጀምራችሁ መሃል ላይ ለቆማችሁ ነው።

ችግር፦ ቆዳው አጽሙ ላይ አይገጥምም

ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኛው ይሄ ነው። የአውሮፕላኑን ቆዳ፣ ማለትም የታተመውን የውጭ ወረቀት፣ ከውስጥ ቅርጹን በሚይዙት የአጽሙ ቀለበቶች ላይ ትጠቀልላላችሁ። ሆዱ ሥር ሁለቱ ጠርዞች መገናኘት ሲገባቸው ክፍተት ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ይተርፍና ይደራረባል። ሰው ወዲያው ዲዛይነሩን መስደብ ይጀምራል። ዲዛይነሩ ብዙውን ጊዜ ንጹህ ነው። መጀመሪያ ያሳተማችሁበትን ፎቶ ኮፒ ቤት ጠርጥሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሜሪካ ዲዛይነሮች የምታወርዱት ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ የተሠራው ሌተር በሚባለው ወረቀት ልክ ነው፤ 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር። እኛ ጋ ያለው ኤ4 ነው፤ 210 በ297። ይረዝማል ግን ይጠባል። ፕሪንተሩ «ፊት» (Fit፣ በወረቀቱ ልክ አስገባ) የሚለው ላይ ከተተወ ገጹን ለማስገባት ማንንም ሳይጠይቅ ወደ 97 ከመቶ ያሳንሰዋል። ሁሉም ገጽ እኩል ካነሰ ምንም አይደል፣ ትንሽ ያነሰ ሞዴል ይወጣችኋል፣ በቃ። ጉዱ የሚመጣው ቆዳውን ከለር የሚያትም ቤት አሳትማችሁ፣ አጽሙን ደግሞ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በርካሽ ይወጣል ብላችሁ ሌላ ቤት ስትወስዱት ነው። አንዱ በ97፣ ሌላው በ100 አትሞ ይሰጣችኋል።

በቁጥር እንየው። የአየር መንገዳችን 787 ድሪምላይነር በ1:144፣ ማለትም 144 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ የአካሉ ውፍረት 41 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው 129 አካባቢ መሆኑ ነው። ቆዳው በ97 ከታተመ 125 ይሆናል። አራት ሚሊሜትር ጎደለ። በዚህ መጠን አራት ሚሊሜትር ከአንድ መስኮት ቁመት ይበልጣል።

አንዱ ክፍተቱን በነጭ ወረቀት ቁራጭ ደፍኖ አመጣልኝ። «ከሩቅ አይታይም» ይለኛል። እሺ፣ ክንፉ ሲመጣስ? የክንፉ መግቢያ ቀዳዳ ቆዳው ላይ በ97፣ በውስጡ የሚያልፈው የክንፍ ዘንግ ደግሞ በ100 ነው የታተመው። አልገባ ሲለው ቀዳዳውን በከተር አሰፋው፣ ክንፉ ተንጋደደ፣ ሌላ ሥራ። ሌላዋ ደግሞ ቆዳውን በኮላ አርሳ ጎትታ አገናኘችው። ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በማግስቱ ቀለበቶቹ እንደ ከሳ ፈረስ የጎድን አጥንት ከውጭ ይቆጠሩ ነበር። እባካችሁ አትጎትቱ።

መፍትሄው ሳይቆረጥ በፊት መለካት ነው። ገጹ ላይ የመለኪያ መስመር ካለ ማስመሪያ አስጠጉበት፤ 50 ሚሊሜትር የሚለው 48.5 ከሆነ ምን እንደተፈጠረ አወቃችሁ። መስመር ከሌለው የአንዱን ክብ ቀለበት ስፋት በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ለኩና በ3.14 አባዙት። የቆዳው ስፋት፣ የማጣበቂያ ምላሱን ሳይጨምር፣ ከዚያ ጋር መቀራረብ አለበት። ሦስት አራት ሚሊሜትር ከተለያዩ መቀሱን አስቀምጡና ወደ ማተሚያው ተመለሱ።

እዚያም ፍላሹን ሰጥታችሁ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ። ኮምፒውተሩ አጠገብ ቁሙ። «አክችዋል ሳይዝ» (Actual size፣ በትክክለኛ ልኩ) ወይም 100 ከመቶ ይደረግ። ልጁ «97ና 100 ምን ልዩነት አላቸው?» ይላችኋል፣ ሁሌም ይላል፣ አትከራከሩ፣ ብቻ ያስተካክለው። የሌተር ገጽ በ100 ሲታተም ጠርዙ ላይ ያለ ክፍል የሚቆረጥ ከሆነ ሁሉንም ገጽ፣ አጽሙንም ጭምር፣ በዚያው ቤት በአንድ ጊዜ በ97 አሳትሙ። የታተመውን ወስዳችሁ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ አታባዙ፤ ማሽኑ ራሱ ልክ ያዛባል።

ህትመቱ ትክክል ሆኖም ካልገጠመ ጥፋቱ የእጃችሁ ነው። ቀለበቱን ከመስመሩ ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ውጭ ከቆረጣችሁት ስፋቱ በአንድ ሚሊሜትር፣ ዙሪያው ከሦስት በላይ ይጨምራል። ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በጥፍር ሞረድ ትንሽ ትንሽ እያሻችሁ፣ ያለ ኮላ እየለካችሁ ሂዱ። ያለ ኮላ ሳትሞክሩ ምንም ነገር አታጣብቁ። ምንም።

ሌላው፣ 160 ግራም የተባለውን ወረቀት «ይጠንክር» ብላችሁ በ250 አታሳትሙ። ቆዳው በወፈረ ቁጥር ዙሪያው ያጥራል፣ ኩርባውም ይሰበራል።

ችግር፦ ስትጠቀልሉት ይሰበራል እንጂ አይከብብም

የወረቀቱ ጭረት፣ ማለትም ቃጫዎቹ የተኙበት አቅጣጫ፣ ተቃራኒ ነው። ባዶ ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ ጎንበስ አድርጉት፤ በቀላሉ የሚታጠፍበት አቅጣጫ የቱቦው ዙሪያ መሆን አለበት። ወረቀቱን መቀየር ካልቻላችሁ መዳፍ ላይ ወይም የማውስ ምንጣፍ ላይ አድርጋችሁ በክብ እርሳስ ደጋግማችሁ ዳምጡት።

ችግር፦ አጽሙን ካርቶን ላይ ስትለጥፉ ይጣመማል

ኮላ ውሃ አለው። ለሰፊ ገጽ ማስቲሽ ይሻላል፣ መስኮት ከፍታችሁ። የተጣመመውን በከባድ መጽሐፍ መሃል አሳድሩት።

ችግር፦ እጥፉ ላይ ቀለሙ ይላጣል

የሌዘር ህትመት ነው። ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን ብላችሁ አስምሩ። ነጭ ጠርዞችን ከማጣበቃችሁ በፊት በውሃ ቀለም ንኩ፤ ከተጣበቀ በኋላ ያለው ሁሉ ማበላሸት ነው።

ችግር፦ ቀለሙ በኮላ ይሟሟል

በፈሳሽ ቀለም የሚያትም ኢንክጄት ፕሪንተር ነው። ኮላ ቀንሱ፣ እጃችሁን ጥረጉ። የጨረሳችሁትን ደግሞ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የነበረው ጭራ ድምቀቱን ጥሎ ይደበዝዛል።

ችግር፦ ጎማው ከክብደቱ የተነሳ ይንበረከካል

እግሩ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። ሱፐር ግሉ አታፍስሱበት፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ጥቁር እድፍ ይሆናል፣ አይለቅም።