ያረጀ መኪና ሲግል፦ ውሃ ከመጨመር በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ባሕር ዳር ውስጥ የቆየ መኪና የሚነዳ ሰው የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ውሃ የተሞላ ጀሪካን አይጠፋም። ሞተሩ ይግላል፣ ሰውየው ይቆማል፣ ይሞላል፣ ይቀጥላል። ግን ራዲያተር፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ የሚያበርደው ዕቃ፣ የታሸገ ነገር ነው። ውሃ ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ። ሳይጎድል የሚግል ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ከሚያስወጡት አካላት አንዱ ሥራ አቁሟል። ይህን ሳያገኙ ውሃ እየጨመሩ መንዳት መጨረሻው ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማስፈታት ነው። በአንድ የራዲያተር ክዳን ወይም በአንድ ቴርሞስታት (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) ያልቅ የነበረ ወጪ ሞተር ማሠራት ድረስ ይደርሳል።

ደግነቱ አብዛኛው ምርመራ ግቢ ውስጥ በእጅና በዓይን የሚሠራ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። እባካችሁ አትዝለሉት።

መንገድ ላይ ከጋለ

የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሐል አልፎ ሲወጣ ኤሲውን አጥፉ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ነገሩ ምቾት የለውም፣ ግን ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ቀስቱ ካልተመለሰ፣ ቀይ ከነካ ወይም እንፋሎት ካያችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልድረስ» የሚባለው ነገር ነው ቴስታታ የሚያጣምመው።

ቀስቱ በድንገት ወደ ታች ከወረደም አትደሰቱ። ውሃው ካለቀ የሙቀት መለኪያው ውሃ ሳይነካ ባዶ ላይ ይቀርና ዝቅ ያለ ሙቀት ያሳያል። ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛው ጎማ ቱቦ ሲጨበጥ ጠንካራ ከሆነ ውስጡ ገና ግፊት አለ። የጋለ ራዲያተር ሲከፈት የፈላው ውሃ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል፤ ቃጠሎውም ቀላል አይደለም። ሲበርድም በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ መጀመሪያ ትንሽ ብቻ አዙሩ። ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ከዚያ ክፈቱት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አታድርጉት።

መቼ ነው የሚግለው?

መካኒክ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በደንብ መልሱ። ግማሹ ምርመራ እዚሁ ያልቃል።

ከተማ ውስጥ ሲቆም እየጋለ፣ መንገድ ላይ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ ቬንትሌተሩን (ራዲያተሩን የሚያናፍሰውን ማራገቢያ) ጠርጥሩ። ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ያበርደዋል። የዓባይ ድልድይ መግቢያ ላይ ወይም ገበያው አካባቢ ተሰልፎ ሲቆም ግን አየር የሚስብለት ቬንትሌተሩ ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በፍጥነት ወይም ዳገት ላይ የሚግል ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ ደህና ሄዶ ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ወይም ወደ እንጅባራ ሲወጣ ቀስቱ ከተነሳ፣ ውሃው በበቂ መጠን እየዞረ አይደለም። ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሟል ወይም ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ አይከፍትም።

ጠዋት ተነስቶ ገና በጥቂት ደቂቃ የሚግል ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ አለበለዚያ ውሃ የለም። የትም ሳያፈስ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ወደሚለው ክፍል ውረዱ።

1. የውሃው መጠንና ቀለም

ሞተሩ በርዶ ሳለ ራዲያተሩን ራሱን ክፈቱ። ከጎን ያለውን የትርፍ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ እሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ውሃው ቡናማ ከሆነ ውስጡ ዝጓል። ላዩ ላይ ዘይት ከታየ ነገሩ ከባድ ነው፤ ሳይጣራ አትንዱት።

2. የሚያፈስበትን መፈለግ

ማታ መኪናው ስር ካርቶን አንጥፉ፣ ጠዋት እዩት። ከዚያ ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየጨበጣችሁ መርምሩ። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም በጣም የላላ ካለ ይቀየራል። ማጥበቂያዎቹንም እዩ። ራዲያተሩ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ምልክት ካለ እዚያ ያልባል ማለት ነው። የውሃ ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ከዚያች ቀዳዳ ውሃ ከወረደ ፓምፑ ሊቀየር ደርሷል።

3. ክዳኑ

ይህን ክፍል ረዘም የማደርገው እዚህ ከተማ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ስለሚያስፈልግ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ እንጅባራ ስትወጡ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ብዙ ሞተሮች በደህናው ቀን የሚሠሩት ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ማለትም ምንም ያልተበላሸ ሞተር እንኳ እዚህ ውሃውን ለማፍላት ጫፍ ላይ ነው።

እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው። ግፊቱን አፍኖ ይይዛል፤ ግፊት ሲጨምር የመፍያው ሙቀትም ከፍ ይላል። ላዩ ላይ 0.9 የሚል (የሚይዘው የግፊት መጠን ነው) የተጻፈበት ደህና ክዳን እዚህ ከተማ የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው (ስፕሪንጉ) ከደከመ ግን ይህ ሁሉ ጠፍቶ ወደ 94 ተመለሳችሁ። ቆላ ላይ ችግር የማያሳይ ክዳን እዚህ ያፈላል።

ስለዚህ ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩ። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከጠነከረ፣ ሞላው ሲጫን በቀላሉ ከገባ ቀይሩት። ሞተሩ ሲበርድ ጎማ ቱቦው ተጨራምቶ ከተገኘም ክዳኑ ከመያዣው ውሃ መልሶ አያስገባም ማለት ነው። ስትገዙ በድሮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ አትጨምሩ፤ ያረጀውን ራዲያተርና ቱቦ ያፈነዳል።

4. ቬንትሌተሩና ቺንጋው

ቬንትሌተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መኪናውን ቆሞ አስነሱትና ጠብቁ። ቀስቱ መሐል ደርሶ ትንሽ ቆይቶ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ኤሲ ያለው መኪና ላይ ኤሲውን ክፈቱ። ያኔ ከተነሳ የቬንትሌተሩ ሞተር ደህና ነው፤ የተበላሸው የሙቀት ስዊቹ ነው። ያኔም ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የገመዱን መሰኪያ እዩ። የቬንትሌተሩ ሞተር መቃጠሉን ለማወቅ መካኒኩ ከባትሪ በቀጥታ መብራት ይስጠው። እጃችሁን ግን አርቁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለም በድንገት ሊነሳ ይችላል።

አሮጌ ፒካፕና ላንድክሩዘር ላይ ቬንትሌተሩ በብዛት ከሞተሩ ጋር የሚዞር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በርዶ ሳለ በእጅ አዙሩት። ትንሽ መያዝ አለበት። ለቀቅ ብሎ ብዙ ከዞረ መሐሉ ላይ ያለው ክላች ሞቷል። ቺንጋውን (ፓምፑንና ቬንትሌተሩን የሚያዞረውን ቀበቶ) መሐሉ ላይ ተጫኑት። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ጥሩ ነው። የላላ ቺንጋ ፓምፑንም ቬንትሌተሩንም ያደክማል።

5. ራዲያተሩን ከውጭ ማጠብ

በሐይቁ ዳር ማታ የሚነዳ መኪና ፊቱ ላይ ስንት ትንኝ እንደሚለጠፍ ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ራዲያተሩ ላይም አለ። አቧራና ጭቃ ሲጨመርበት ቀጫጭን ክንፎቹን ይደፍናል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ግፊቱ ቀለል ባለ ውሃ እጠቡት። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ በቅርብ ከተተኮሰበት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል፤ ላቫጆ ላይ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ኤሲ ካለው በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤሲ ራዲያተር መሐል የተጠራቀመውንም አትርሱ።

6. ቴርሞስታቱ

«ሙቅ አገር ነው፣ አያስፈልግም» ተብሎ የሚወጣ ቴርሞስታት ብዙ ነው። አልስማማም። ቴርሞስታት ሞተሩን የሥራ ሙቀቱ ላይ የሚያቆየው ዕቃ ነው። ከወጣ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ይበልጥ ይግላል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላውን በሽታ መደበቁ ነው። ራዲያተሩ እየተደፈነ ሳለ ለጊዜው የዳነ ያስመስለዋል።

ፈትሹት እንጂ አትጣሉት። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛው ቱቦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት መሞቅ አለበት። ቀስቱ ወጥቶ ቱቦው ከቀዘቀዘ ተዘግቶ ቀርቷል። ተፈትቶ ከወጣ ደግሞ በክር አንጠልጥላችሁ ለምግብ በማይውል አሮጌ ድስት ውሃ ውስጥ አፍሉት። ጀርባው ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር አለ። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። እዚህ ውሃው ከ94 ስለማያልፍ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ በደንብ መከፈት ከጀመረና ሲበርድ ከተዘጋ ደህና ነው፣ በዚህ ብቻ አትፍረዱበት። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ከነጓርኒሲዮኑ አዲስ ግዙ።

7. የራዲያተሩ ውስጥ እና ፓምፑ

ለዓመታት የሐይቅ፣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ የተጨመረበት ራዲያተር ውስጡ በዝገትና በድንጋይ ዝቃጭ ይጠባል። ሞተሩን አሙቃችሁ አጥፉት፣ የቬንትሌተሩን መሰኪያ ንቀሉ፣ ከዚያ የራዲያተሩን ፊት በጥንቃቄ በእጅ ዳሱ። ከሌላው የቀዘቀዘ ቦታ ካለ እዚያ ውሃ አያልፍም። አሮጌው የመዳብ ራዲያተር ተፈትቶ በሽቦ ይጸዳል፣ ይበየዳልም። ጫፉ ፕላስቲክ የሆነው አሉሚኒየም ግን ከተደፈነ መቀየሩ ይሻላል። ቀዳዳ ያሽጋል የሚባል ዱቄት አትጨምሩበት፤ ጤነኛውንም ቱቦ ይደፍናል።

የፓምፑን ፑሊ (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ) ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ወይም ሲዞር ካጉረመረመ ጊዜው አልፏል።

8. የቴስታታ ጓርኒሲዮን

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። የዘይት መለኪያው ወይም የዘይቱ ክዳን ላይ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ይታያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል። ጠዋት በብርዱ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ይፈላል። ወይም ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ካለ መንዳት አቁሙና መካኒክ ጥሩ። ቴስታታው ሲወርድ ቀጥ ማለቱ ይለካ፣ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ይላግ። ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ አድርጎ መግጠም ሥራውን በቅርቡ መድገም ነው።

9. መሙላትና አየር ማስወጣት

ሁሉም ተስተካክሎ እንደገና የሚግለው ብዙ ጊዜ ውስጡ አየር ስለቀረ ነው። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርጋችሁ አቁሙ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ። ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ክዳኑ ተከፍቶ አስነሱትና የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ጠብቁ። ፊታችሁን ከአፉ አርቃችሁ አረፋው እስኪያቆም ጨምሩ፣ ከዚያ ክደኑት።

የምትሞሉት ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከዲስትልድ ውሃ (ተጣርቶ ማዕድን ከሌለው) ጋር እኩል የተቀላቀለ ይሁን። እዚህ ውርጭ ስለሌለ ሰዉ ኩላንትን እንደ ቅንጦት ያየዋል። ግን ዝገትን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። የሃይላንድ ውሃም ማዕድን አለው፤ ለመንገድ ላይ ጭንቅ ካልሆነ አይመረጥም። ለዲስትልድ ውሃ ብላችሁ «የባትሪ ውሃ» ስትገዙ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። የተለያየ ቀለም ኩላንት አትቀላቅሉ።

የወጣውን አሮጌ ኩላንት በዕቃ ተቀበሉት። መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ ይስባል። ቦይ ውስጥ ከደፋችሁት ዞሮ ጣና ወይም ዓባይ ይገባል። ጀሪካን ውስጥ አሽጋችሁ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ካለ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ከጥገናው በኋላ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት ከተማ ውስጥ ንዱት፣ ከዚያ እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታችሁ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት በርዶ ሳለ ክዳኑን ክፈቱና መጠኑን እዩ። ትንሽ ከጎደለ የቀረ አየር ወጥቶ ይሆናል፤ ሙሉትና በሦስተኛው ቀን ድጋሚ እዩ። አሁንም ከጎደለ ካርቶኑን መልሳችሁ መኪናው ስር አንጥፉ።