እማማ እህል እንቢ ያሉት በውሃው ነው

ባሕር ዳር በነርስነት ስሠራ ጆሮዬ የሰለቸው ጥያቄ አለ፦ «ለእናቴ ምግብ የሚያስበላ ሽሮፕ የለም ወይ?» ከሽሮፑ በፊት እስቲ ጆጉን እንየው።

ከማዕድ በፊት አዛውንትን ውሃ መሙላት፤ በዚህስ ትዕግሥቴ አልቋል። ሚያዝያ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንድ ቤት ገባሁ። ገበታው ሳይቀርብ ልጅቱ ትልቁን የፕላስቲክ ኩባያ ሞልታ «እማዬ፣ ጉሮሮሽን ያርስልሽ» አለቻቸው። ደገመቻቸው። የዓሣ ወጡ ሲመጣ እማማ ሁለቴ ጎርሰው «በቃኝ ልጄ» አሉ። ይበቃቸዋላ! ውሃው ጨጓራን ወጥሮታል፤ በስተርጅና ደግሞ ጨጓራ ቶሎ አይጎድልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ55 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው ወፍራም ሰዎች ምግብ ቀንሰው፣ ከየማዕዱ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡ፤ በ12 ሳምንት ውስጥ ምግብ ብቻ ከቀነሱት ይልቅ 2 ኪሎ ያህል አብልጠው ከሱ። መክሳት ለሚፈልግ ሸጋ ነው። አጥንታቸው ለወጣ እናት ግን ምን ይባላል?

ሕፃን ላይም ያው ነው፤ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ደግሞ ጡት ብቻ፣ ውሃ ጠብታም አያስፈልገውም።

በሁዳዴ ከቅዳሴ ወጥቶ በባዶ ሆድ አንድ ሊትር መጋትን እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሽሮው ፊቴ ቀዘቀዘ።

«ከምግብ ጋር ውሃ የጨጓራን አሲድ ያቀጥናል» የሚሉትን ተዉት፤ ጨጓራ የሚበቃውን አሲድ ያመነጫል።

ከጣና ቀድቶ ሳያፈሉ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ሆድ ከተነፋ፣ ግሳቱ ከሸተተና ምግብ ካስጠላ ጃርዲያ ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ይመርመር እንጂ የውሃ ሰዓት በማስተካከል አይድንም።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። ለአንድ ቤተሰብ «ከምግብ በፊት ውሃ አትስጧቸው» ብዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ የአዛውንቱ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፣ ሆዳቸው ደርቋል፤ ለካ ቀኑን ሙሉ ውሃ ነፍገዋቸው ኖሯል። ድርቀቱ ራሱ ምግብ ያስጠላል። ያን ቀን ልጃቸው «አንቺው ነሽ ያልሽን» ሲለኝ መልስ አጣሁ። አሁን ምሳቸው 6 ሰዓት ተኩል ከሆነ «4 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፤ እየበሉ ሳሉ አንድ ሁለት ጉንጭ» ብዬ እጽፍና ጆጉ ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ።