አዲስ ኮምፒውተር ለአረጋውያን፤ በጅማ ቤቶች የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእናትና ለአባት፣ ለአያት ወይም ለጎረቤት አረጋዊ አዲስ ኮምፒውተር አዘጋጅተው ለሚያስረክቡ ሰዎች ነው። አረጋውያን «ተበላሸብኝ» ብለው የሚጠሩን ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ችግሩ የሚገኘው ያዘጋጀው ወጣት ለራሱ ዓይን፣ ለራሱ እጅና ለራሱ ልማድ አስተካክሎ በመተዉ ላይ ነው። ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው «ምን አዩ? ከዚያ በፊት ምን ነክተው ነበር?» ብሎ በትዕግሥት በመጠየቅ ነው። ማውሱም በእሳቸው እጅ ይቆይ። መፍትሔውን ራሳቸው ካልሠሩት፣ ያው ችግር በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ እንደገና ሰው መጥራት ግድ ይሆንባቸዋል።

«አልበራም አለኝ»

ላፕቶፑ ከካርቶኑ ገና የወጣ ከሆነ ቻርጀሩን ሳይሰኩ ማብሪያውን መጫን ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ አንዳንድ አምራቾች በጉዞ ላይ እንዳይበራ ባትሪውን አስተኝተው ስለሚልኩት፣ የሚነቃው ቻርጀር ሲያገኝ ነው። ሲሠራ ቆይቶ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልበራም ካለ ደግሞ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይልቀቁ፣ ከዚያም ቻርጀሩን መልሰው ሰክተው ያብሩት።

ዴስክቶፕ ከሆነ ሦስት ቦታ ይታያል፦ የዲቫይደሩ ማብሪያ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ፣ እንዲሁም የስክሪኑ የራሱ ማብሪያ። ያገለገለ ዕቃ ገዝተው ከሆነ ግን ከመሰካትዎ በፊት ከሳጥኑ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ መቀያየሪያው 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ የኃይል ማከፋፈያው ክፍል ይቃጠላል።

የጅማ ክረምት ዝናብና ነጎድጓድ የበዛበት ነው፤ ስለዚህ ስለ መብራት ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ኮምፒውተርን ክፉኛ የሚጎዳው መብራት ሲመለስ የሚከተለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ስታብላይዘር የቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም፤ የሚያቆየው ዩፒኤስ የተባለው ባትሪ ያለው መሣሪያ ነው፣ እሱም የተጻፈውን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። ለአረጋዊ ቤት ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው የዩፒኤሱን ዋጋ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲያስብ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አቅም ካነሰ ግን የራሱ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይሻላል። ነጎድጓድ ሲጀምር መሰኪያውን ከግድግዳው መንቀል ነው፤ በገመድ የገባ ኢንተርኔት ካለም ገመዱ አብሮ ይነቀል። ይህንን ለአረጋዊው ሲያስረዱ መሰኪያው እጃቸው በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ከአልጋ ወይም ከቁም ሳጥን ኋላ ያለ ሶኬት ማንም ጎንበስ ብሎ አይነቅለውም።

«ኢንተርኔቱ አለ፣ ነገር ግን ሁሉም ገጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣል»

ይህ በእኛ አገር በብዛት የሚያጋጥም፣ ምክንያቱ ግን በቀላሉ የማይገመት ችግር ነው። ጉግልም ሆነ ባንኩ፣ ማንኛውም ገጽ ሲከፈት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አረጋዊውም ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ወይም ሌባ የገባ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ የሚታየው ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ያለው ቀንና ሰዓት ነው። አባባ ሰዓቱ «ስህተት» መስሎ ስለታያቸው ጠዋት ኮምፒውተሩ 9 ሰዓት የሚለውን ወደ 3 ሰዓት፣ ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጠውት ሊሆን ይችላል። ድረ ገጾች ለማንነታቸው የሚያቀርቡት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያለ ሲመስለው ወረቀቱን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረውና ገጹን ይከለክላል።

መፍትሔው በሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉጅ የሚለውን ከፍቶ የጊዜ ክልሉን ማስተካከል ነው። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የሚፈለገው «ናይሮቢ» የሚለው ነው፤ አዲስ አበባ የሚል ስም ስለማይገኝ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፣ ሰዓቱ ግን ከእኛው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የዓመታት ከሆነ ቀኑን በእጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ካስተካከሉ በኋላ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ከዚያም የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ከስክሪኑ አጠገብ በግድግዳ ላይ ይሰቀል። አረጋዊው ሰዓቱን የቀየሩት የሚያውቁት ትክክል ስለሆነ ነውና እንደ ጥፋት አይነገራቸው፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት የድረ ገጾቹ መተማመኛ በመሆኑ ብቻ እንዳይነካ ይንገሯቸው።

ቀኑ ተስተካክሎ ሳለ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ከተመለሰ ጥፋቱ የማንም አይደለም። በዴስክቶፑ ሳጥን ውስጥ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ሳንቲም መሰል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ባትሪዋን መቀየር ለጠጋኝ የአፍታ ሥራ ነው።

«ፊደሉ አይታየኝም»

ወጣት አዘጋጆች ወዲያው ስክሪኑን በሙሉ ወደ 150 በመቶ ያሳድጋሉ፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ግን ይህ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ከዕይታ ውጭ ሊያስወጣው ይችላል። በመጀመሪያ በአክሰሲቢሊቲ ሥር ቴክስት ሳይዝ በሚለው ጽሑፉን ብቻ ማሳደግ ይመረጣል፤ እስከ 225 በመቶ ይደርሳል። ልኩን አረጋዊው ራሳቸው ይምረጡት፣ ሲመርጡም ሁልጊዜ የሚያነቡበትን መነጽር አድርገው ይሁን። ሁለት ዕይታ ያለው መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ስክሪኑ ዝቅ ይበል፤ ካልሆነ በታችኛው መስታወት ለማየት ቀና ሲሉ ይውሉና ማታ አንገታቸውን ያማቸዋል፣ እኛም ኮምፒውተሩን የተዉት ስለሰለቻቸው ይመስለናል።

«ስነካው ይሸሻል፣ ምልክቱም ጠፋ»

እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁለቴ ቶሎ መጫን ያስቸግራል፤ በሁለቱ ጭነት መካከል ማውሱ ይንሸራተትና ምልክቱ ተጎትቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ሁለቴ መጫንን ደጋግሞ ማስተማር አያስፈልግም። አንዴ ጭነው ኢንተርን ይምቱ፤ ውጤቱ ያው ነው። የማውሱ ፍጥነት ይቀነስ፣ የቀስቱ መጠን ይጨመር፣ በላፕቶፕም ቢሆን ባለ ገመድ ማውስ ይገዛላቸው። ምልክቱ አሁን ከጠፋ ኮንትሮልን ይዞ ዜድን መምታት ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ይህቺን አንዲት ነገር በማስታወሻ ደብተራቸው በትልቁ ይጻፉላቸው።

የይለፍ ቃል አልቀበልም ካለ አስቀድሞ ካፕስ ሎክ ይታይ። ሺፍት አምስት ጊዜ ተነክቶ ስቲኪ ኪይስ የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ «ኖ» ማለት ይበቃል።

«አማርኛ አልጽፍ አለኝ»

የአማርኛ መጻፊያ ከዊንዶውስ ጋር ይገኛል፤ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ውስጥ አማርኛን በቋንቋነት መጨመር ነው። መቀያየሪያው የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ መንካት ነው። በጅማ ብዙ አረጋውያን ለአንዱ ልጅ በአማርኛ፣ ለሌላው በአፋን ኦሮሞ ይጽፋሉ፤ ቁቤው በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ስለሚጻፍ የሚለማመዱት መቀያየሩን ነው። መጻፊያው ሳይታሰብ ሲለወጥ ፊደሉ ሁሉ «ያበደ» ይመስላል፤ ስለዚህ ከታች በስተቀኝ ያለውን የቋንቋ ምልክት አስቀድሞ የመመልከት ልማድ ቢያዙ ብዙ ችግር ይቀርላቸዋል። ከልጅ የተላከ የቆየ ፋይል የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት አድርገው ከሚያነቡበት ሥርዓት) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ላኪው በፒዲኤፍ እንዲልከው መጠየቅ አጭሩ መንገድ ነው።

ሙሉ ገጽታውን ወደ አማርኛ መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን በስልክ የሚያግዛቸው ልጅ የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሁለቱ ሳይግባቡ ይቀራሉና አስቀድመው ይመካከሩበት።

«ፓኬጁ በአንድ ሌሊት አለቀ»

አዲስ ኮምፒውተር በስልክ ሆትስፖት እንደተገናኘ ወዲያው ዝማኔ ማውረድ ስለሚጀምር ዳታውን ይጨርሰዋል። በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ዳታ የሚቆጥበውን ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ምርጫ ያብሩ፤ ትልልቆቹን ዝማኔዎች ግን ከማስረከብዎ በፊት ያልተገደበ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጨርሱ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደ 11 መሸጋገር መቻሉን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

«ቫይረስ ገብቷል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ አለኝ»

ስክሪኑን ሞልቶ የሚጮህ፣ የስልክ ቁጥር የያዘ ማስጠንቀቂያ የአጭበርባሪዎች ሥራ ነው፤ ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያዎቹ ላይ የስልክ ቁጥር አይጽፍም። አልት እና ኤፍ 4 በአንድነት ሲመቱ ይዘጋል፤ አልዘጋ ካለ ማብሪያውን ተጭኖ ማጥፋት ነው። ከሩቅ ለማገዝ በዊንዶውስ ውስጥ ኩዊክ አሲስት የሚባል መሣሪያ አለ፤ አጋዡ የሚሰጣቸውን ኮድ አረጋዊው ሲያስገቡና ሲፈቅዱ ስክሪናቸው ይታየዋል። አጭበርባሪዎችም ይህንኑ መሣሪያ ይጠቀሙበታልና ደንቡ አንድ ይሁን፦ ኮድ የሚያስገቡት ራሳቸው ደውለው ላገኙት፣ ድምፁን ለሚያውቁት የቤተሰብ ሰው ብቻ ነው። የባንክ ወይም የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለልጃቸውም ቢሆን በስልክ አይነገርም።

አጭበርባሪው ኮምፒውተሩን ከነካ በኋላ ከደረሱ ኢንተርኔቱን ወዲያው ያቋርጡ፣ ባንኩን በባለቤቱ ስልክ ያስደውሉ፣ የይለፍ ቃላቱን በሌላ መሣሪያ ይቀይሩ። በዚያች ሰዓት እማማ ከገንዘቡ ይልቅ በመታለላቸው ያፍራሉ፤ ቁጣ ከሰሙም የሚቀጥለውን ይደብቁዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ «ደግ አደረጉ፣ ነገሩኝ» ይበሏቸው፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ያስተርኳቸው፣ ከዚያ የደወሉበትን ቁጥርና ሰዓቱን ለባንኩ በሚነገር መልኩ በወረቀት ይያዙት።