የሞተር ብልሽትን በሞገድ ትንተና ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኃይል መስመሩ ላይ የኮረንቲ መለኪያ፣ በኩሽኔታው ቤት ላይ የንዝረት መለኪያ አስሮ ሞተርን ሳይፈቱ መመርመር ይቻላል። የተቀዳው ሞገድ በኮምፒውተር በየድግግሞሹ ሲዘረዘር ብዙ ይናገራል። አቀዳዱ ከተበላሸ ግን ጤነኛው ሞተር ይፈታል፣ የታመመው ሥራ ላይ ይቆያል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለ ጭነት መቅዳት ነው። የሮተር (የሚዞረው የሞተር ክፍል) ባር፣ ማለትም በሮተሩ ውስጥ ኮረንቲ የሚያስተላልፈው በትር፣ ሲሰበር ምልክቱ ከኃይል መስመሩ 50 ኸርዝ ግራና ቀኝ ይወጣል። ምን ያህል ርቆ እንደሚወጣ የሚወስነው ሮተሩ ከስታተሩ (ከማይዞረው ክፍል) መግነጢሳዊ መስክ ወደ ኋላ የሚቀርበት መጠን ነው። ባለ 4 ዋልታ ሞተር መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ሮተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ 1470 ቢዞር 2 በመቶ ዘገየ ማለት ነው፤ ምልክቱ የዚህን እጥፍ፣ ማለትም የ50ን 4 በመቶ ርቆ 48 እና 52 ኸርዝ ላይ ይገኛል። ያው ሞተር ቺንጋው ወልቆ 1497 ሲዞር ምልክቱ 49.8 እና 50.2 ላይ ገብቶ በዋናው ሞገድ ይዋጣል። በባሮቹ የሚያልፈው ኮረንቲም ስለሚያንስ ስብራቱ ድምፁን ያጠፋል።

ፍጥነቱን ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ አንብቦ መተውም እንዲሁ ያሳስታል። እዚያ የተጻፈው የሙሉ ጭነት ፍጥነት ነው። በግማሽ ጭነት 1485 የሚዞር ከሆነ ምልክቱ 49 እና 51 ላይ ነው፤ 48 እና 52 ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በቀረጻው ሰዓት ዙሩን በዙር መለኪያ ይለኩ፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

አጭር ቀረጻ ደግሞ ተቀራራቢ ድግግሞሾችን ያደባልቃል። የ1 ሰከንድ ቀረጻ ከ1 ኸርዝ በታች ያለውን ልዩነት አይለይም፤ ለ0.1 ኸርዝ ቢያንስ 10 ሰከንድ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ገንዘብ ነው፦ ባለ 2 ዋልታ ሞተር 2970 ሲዞር የዘንግ አለመገጣጠም ንዝረት በዙሩ እጥፍ 99 ኸርዝ ላይ፣ የስታተር ችግር በመስመሩ እጥፍ 100 ኸርዝ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱ አንድ ጉብታ ሆነው ከታዩ፣ መጋጠሚያውን ማስተካከል ብቻ የሚበቃው ሞተር ሽቦው እንደገና እንዲጠቀለል ይላካል። ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ ንዝረቱን እያዩ ኃይሉን ያቋርጡ፤ ከኤሌክትሪክ የመጣው ወዲያው ይጠፋል፣ የሜካኒካሉ ከዙሩ ጋር ቀስ እያለ ይወርዳል።

ጭነቱን ራሱን መርሳትም አለ። ባለ ፒስተን የአየር መጭመቂያ ወይም የላላ ቺንጋ ያለው ወፍጮ ኮረንቲውን እያወዛወዘ የተሰበረ ባር የመሰለ ምልክት ያወጣል። ጭነቱን ቀንሰው እንደገና ይቅዱ። የባር ምልክት ወደ 50 ይጠጋል፤ ከቺንጋ ወይም ከፒስተን የመጣው ግን ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም።

ለኩሽኔታ ጥሬውን የንዝረት ሞገድ ብቻ አይመኑ። ጀማሪ ጉዳት በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ተደጋጋሚ ምት ስለሚያሳርፍ የሚታየው የሞገዱ ሽፋን (የጫፎቹን ከፍታ የሚከተለው መስመር) ተነጥሎ ሲተነተን ነው። ሞተሩ በኢንቨርተር (ድግግሞሹን እየለወጠ ፍጥነቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ የሚጀምረው ከ50 ሳይሆን በዚያ ሰዓት ኢንቨርተሩ ከሚያወጣው ድግግሞሽ ነው።